ክራርና ማሲንቆ በአሮጌ ላፕቶፕ፦ ለቤት ቀረጻ ርካሽ ሶፍትዌር የመረጥኩበት መንገድ

ሪፐር የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ማስጫኛ ፋይሉ 15 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በቴሌግራም ከሚላክ አጭር ቪዲዮ አይበልጥም። ስማቸው የገነነው የስቱዲዮ ፕሮግራሞች ግን ከነድምፅ ጥቅሎቻቸው ብዙ ጊጋባይት ይበላሉ። ደሴ ወይም ወልዲያ ሆኖ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ልዩነት ራሱ ዋጋ ነው። ስለ ርካሽ የቀረጻ ሶፍትዌር ስጠየቅ ከብሩ በፊት ክብደቱን የማነሣው ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ቁጭ ብሎ ክራሩን፣ ማሲንቆውን ወይም የገዛ ድምፁን መቅዳት ለሚፈልግ፣ እንጀራው ግን ሙዚቃ ላልሆነ ሰው ነው። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ፤ ቀኑ የሥራ ነው፣ ማታው የሙዚቃ። ነፃዎቹንም በትንሽ ገንዘብ የሚገዙትንም እያፈራረቅሁ ሠርቼባቸዋለሁ፤ የት ላይ ምቹ እንደሆኑ፣ የት ላይ እንደሚያደናቅፉ ጠንቅቄ አውቃለሁ።

ምንም ነገር ከማውረዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ለዩ። መጀመሪያ የምትቀዱት ምንድን ነው? በማይክ የሚገባ እውነተኛ ድምፅ ነው ወይስ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራ ቢት? ቀጥሎ ኮምፒውተራችሁ ስንት ራም አለው፣ ባትሪውስ ይይዛል? ሦስተኛው፣ ኔትወርክ ሳምንት ቢጠፋ ፕሮግራሙ ይከፈታል? አብዛኛው ጀማሪ እነዚህን አልፎ «እገሌ የሚባለው አቀናባሪ በምን ይሠራል?» ብሎ ይነሣል። የአቀናባሪው መልስ ለአቀናባሪው ነው። እሱ ኩቤዝ በሚባለው ትልቅ የስቱዲዮ ፕሮግራም ላይ የሚሠራው ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ ስለለመደው፣ ጄኔሬተርና ጥሩ ኮምፒውተርም ስላለው ነው። አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው የኩቤዝ ዘጠኝ አሥረኛው ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ጉዳይ ነው። ከኮምፒውተር ቤት በፍላሽ የሚገለበጥ፣ «ሙሉ ነው፣ አይዘጋም» የሚባል ፕሮግራም ሁላችንም ዘንድ ይደርሳል። የሕጉን ነገር ለጊዜው እንተወውና በሥራው በኩል ብቻ እንየው። ክራኩ እንዲጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል፤ በዚያው በር የሚገባው ደግሞ የፍላሹን ፋይሎች ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ ነው። ከዚህም የሚብሰው በኋላ ይመጣል። ዊንዶውስ ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ያው ክራክ አይገኝም፤ የተገኘው ሌላ ቨርዥን ይሆንና የድሮውን ፕሮጀክት አልከፍትም ይላል፣ ቢከፍትም ፕለጊኖቹ (በፕሮግራሙ ላይ የሚታከሉት መሣሪያዎች) የሉም። ዓመት የተለፋበት ዘፈን ስሙ ብቻ የሚታይ ፋይል ሆኖ ይቀራል። በነፃና በርካሽ ጥሩ ነገር ባይኖር ኖሮ ነገሩ ባከራከረ ነበር። ግን አለ።

ቢት የሚሠራበትን ኤፍ ኤል ስቱዲዮን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሙከራ ቅጂው ሁሉን ያሠራል፤ ዘፈኑንም ወደ ዋቭ ወይም ኤምፒ3 ያወጣል። ፕሮጀክቱን ሴቭ ብታደርጉት ግን እስክትገዙ ድረስ መልሶ አይከፍትላችሁም። በአንድ ቁጭታ ለሚያልቅ ቢት ይሆናል፤ ዛሬ ክራር፣ ነገ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው አይሆንም። ስትገዙም ተጠንቀቁ፤ ዝቅተኛው ፍሩቲ የሚባለው እትም ድምፅ በማይክ ቀርጾ በትራክ፣ ማለትም በየራሱ መስመር ላይ ለመደርደር አይሆንም። ለዚያ ፕሮዲውሰር የሚባለው እትም ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ያን ያህል ከፍ ይላል። አንዴ ከተገዛ በኋላ አዳዲሱ ቨርዥን ለዘለዓለም ነፃ መሆኑ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሥራችሁ ቢት ከሆነ እሱን አስቡ። ኤል ኤም ኤም ኤስ የሚባለው ፍጹም ነፃ ፕሮግራምም ለቢት ያገለግላል፤ ነገር ግን የተለመደው ቅጂ በማይክ ድምፅ አይቀዳም። ይህን ሳያውቅ ጭኖ የመቅጃውን ቁልፍ ሲፈልግ የሚያመሽ ሰው አይጠፋም።

ኦዳሲቲ ከ2000 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ ነፃ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የማይከብድ ፕሮግራም ነው። ለአንድ ሰው መንዙማ፣ ለግጥም ንባብ፣ ለአንድ ክራርና ለአንድ ድምፅ ከዚህ የሚቀል የለም። ቀዩን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ይቀዳል። ድንበሩ የሚታየው ትራኩ ከአራት ከአምስት ሲያልፍ ነው። ከ3.2 ቨርዥን በፊት ኤኮ ወይም ኢኩዋላይዘር ስታስገቡ ድምፁን እዚያው ለውጦት ያርፍ ነበር፤ አሁን በማዳመጥ ላይ እያላችሁ የምታስተካክሉት ሆኗል። ስለዚህ አሮጌ ቅጂ ከፍላሽ ከመገልበጥ አዲሱን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ኦርጋናችሁን በሚዲ (ድምፁን ሳይሆን የተነኩትን ቁልፎች በሚይዘው መንገድ) ለመቅዳት ካሰባችሁ ግን ኦዳሲቲ ቤታችሁ አይደለም።

ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ባንድላብ በስልክ ይሠራል፤ ነፃ ነው፣ ትራክ ይደራርባል፣ ምት የሚቆጥር ክሊክም አለው። ሥራውን የሚያስቀምጠው በኢንተርኔት ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ መጉላላት አለ። እኔ ስልኩን እንደ ማስታወሻ ደብተር እንጂ እንደ ስቱዲዮ አላየውም። የመጣላችሁን ዜማ ያዙበት፤ ቀረጻውን ሌላ ቦታ አድርጉት።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ማክ ያለው ሰው ጋራዥባንድ ነፃ ስለሆነ ሌላ አይፈልግ። ፕሮ ቱልስ ኢንትሮ ነፃ ነው፣ ነገር ግን 8 የድምፅ ትራክ ላይ ይገታል፤ ለአሮጌ ላፕቶፕም ይከብዳል። ዌቭፎርም ፍሪ የትራክ ገደብ የለውም፣ አሠራሩ ግን ከሌሎቹ ስለሚለይ ጠያቂ ጓደኛ አታገኙም። ኬክዎክ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በነፃ ሲለቀቅ ብዙ ሰው አስደስቶ ነበር፤ ሆኖም በየተወሰነ ጊዜ በኢንተርኔት መረጋገጥ ይፈልግ ነበር፤ ያ ቅጂ አሁን በኬክዎክ ሶናር ተተክቷል። ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን ማረጋገጫው ካለቀ ሥራ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ሣጥን) ስትገዙ ደግሞ ካርቶኑን አትጣሉ፤ በውስጡ የኤብልተን ላይቭ ላይት ወይም የኩቤዝ ኤል ኢ ኮድ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁት ግን ኮዱን አስቀድመው ተጠቅመውበት ሊሆን ስለሚችል በእሱ ተማምናችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

እኔ ያረፍሁት ሪፐር ላይ ነው። ምክንያቱ ብዙ አይደለም። በዊንዶውስ 7 እንኳ ይሠራል፣ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ ሲጫን በኢንተርኔት ማረጋገጥ የለም፣ የ60 ቀን ሙከራውም ምንም ያልተቆረጠበት ሙሉ ነው። ሲጫን «ፖርተብል» የሚለውን ከመረጣችሁ ፍላሽ ላይ ይቀመጥና ከነማስተካከያችሁ በጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። የራሱ ኮምፒውተር ለሌለው ልጅ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ጉድለቱም ይነገር፤ ሲከፈት ባዶ ነው። ፒያኖ የለ፣ ከበሮ የለ፣ የተዘጋጀ ቢት የለ። መልኩም ለዓይን ደረቅ ነው። ይህን አይቶ በመጀመሪያው ቀን የሚያጠፋው ብዙ ነው። አብሽሩ፣ ሳምንት ስጡት።

ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ድምፁ በየት እንደሚገባ መንገር ነው። ኮንትሮልና ፒን አንድ ላይ ስትጫኑ ፕሪፈረንስ ይከፈታል፤ ኦዲዮ፣ ከዚያ ዲቫይስ። ሳውንድ ካርድ ካላችሁ የአምራቹን የራሱን ኤሲዮ ድራይቨር (መዘግየቱን የሚያሳንሰውን ማገናኛ) ጭናችሁ እሱን ምረጡ። ከሌላችሁ የዊንዶውስ የራሱ የሆነውን ዋሳፒን ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ኤሲዮ ፎር ኦል የሚባለው ነፃ ድራይቨር አለ። ዌቭ አውት ወይም ዳይሬክት ሳውንድ ላይ ከተዋችሁት ድምፃችሁ በሄድፎኑ ዘግይቶ እየተመለሰ ያደናግራችኋል። ያኔ ሰው «ሶፍትዌሩ የማይረባ ነው» ብሎ ሌላ ለማውረድ ይነሣል፤ ሌላውም ላይ ያው ይገጥመዋል።

የመዘግየቱ ምንጭ በፈር የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን እያጠራቀመ የሚያሳልፍበት ቋት ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 256 ሳምፕል ማለት 5.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ 1024 ደግሞ 21.3። ይህ የአንድ መንገድ ነው፤ ገብቶ ሲወጣ ከእጥፍ ይበልጣል። ስትቀዱ 128 ወይም 256 አድርጉት፤ ድምፁ ጭር ጭር እያለ ከተቆራረጠ አንድ ደረጃ ከፍ። ቀድታችሁ ጨርሳችሁ ወደ ሚክሲንግ (ትራኮቹን እርስ በርስ ወደ ማመጣጠን) ስትገቡ 1024 አድርጉትና ኮምፒውተሩን አሳርፉት። ሳውንድ ካርዱ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለው እሱን ክፈቱና በሪፐር ትራክ ላይ ያለውን ሞኒተር ዝጉ፤ ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ድምፁ ሁለት ሆኖ ይሰማል።

ሁለተኛው ትራክ ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ደግሞ ሙከራው ቀላል ነው። ሄድፎኑን ማይኩ ላይ አስጠግታችሁ ክሊኩን ቅዱት። ከዚያ አጉልታችሁ እዩ፤ የተቀዳው ክሊክ ከመስመሩ ምን ያህል እንደዘገየ በሚሊሰከንድ ይነበባል። ያንን ቁጥር በፕሪፈረንስ ውስጥ ሪከርዲንግ በሚለው ክፍል በማኑዋል ኦፍሴት ቦታ አስገቡት። ኦዳሲቲ ላይ ተመሳሳዩ ሌተንሲ ኮምፐንሴሽን ይባላል፤ ሲጫን -130 ሚሊሰከንድ ላይ ሆኖ ይመጣል፤ የእናንተ ኮምፒውተር ግን ከዚያ ይበልጥ ወይም ያንስ ይሆናል። ይህን አንዴ ካስተካከላችሁ ድራይቨር እስክትቀይሩ አትነኩትም።

ሶፍትዌር የማይሸፍነው ቤቱን ነው። የኛ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲወርድበት የሚያጠራው ፕለጊን አልተሠራም። ቀን የባጃጅ ድምፅ አለ፣ ንጋት ላይ አዛኑም የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያም ይጀምራል። ለእኔ ምቹው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ነው፤ ያኔም ፍሪጁን ንቀሉት። ጎረቤት ቡና ሲወቅጥ ሙቀጫው በወለል ተጉዞ በማይኩ ዘንግ ይገባል፤ ጆሯችሁ ልብ ባይለው እንኳ ቀረጻው ላይ ዱም ዱም ሲል ታገኙታላችሁ። የማይኩን እግር የታጠፈ ባና ወይም ወፍራም ስፖንጅ ላይ አቁሙት። ከጀርባችሁ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት አትቀመጡ። እያንዳንዱን ቀረጻ ስትጀምሩ ለ5 ሰከንድ ዝም በሉ። ያቺ ዝምታ በኋላ ትፈለጋለች።

የምትፈለገው ሽውታውን ለመቀነስ ነው። ኦዳሲቲ ላይ ዝምታዋን መርጣችሁ የሽውታውን ናሙና ያዙ፣ ከዚያ ሙሉውን መርጣችሁ ከ6 እስከ 12 ዲሲቤል ቀንሱ። ከዚያ ካለፋችሁ ድምፁ ውሃ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። በሪፐር ሪያፊር የሚባለው ፕለጊን ሰብትራክት ላይ ተደርጎ ያንኑ ይሠራል፤ ናሙናውን ከያዘ በኋላ በራሱ ናሙና የሚያነሣበትን ምልክት ማጥፋት አትርሱ። ከረሳችሁት ድምፃችሁንም እንደ ሽውታ ቆጥሮ ይበላዋል። ማሲንቆ ላይ ግን ይህን ሁሉ ባትነኩት ይሻላል። የጭራው መፋተግ፣ ያ ሻካራው ትንፋሽ፣ ለፕሮግራሙ ሽውታ ነው የሚመስለው፤ እሱን ሲያጠራ ማሲንቆው ቫዮሊን ለመምሰል የሚሞክር ኦርጋን ሆኖ ቁጭ ይላል። ዋሽንትም እንዲሁ፤ ትንፋሹ ከተወሰደ የቀረው ፉጨት ነው።

ማሲንቆውን በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ቅዱት፤ ማይኩ ወደ ቆዳው ይመልከት፣ ጭራው ከክሩ ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ ቀጥ ብሎ አይነጣጠር። ክራር ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ከበሮን ከግማሽ ሜትር በላይ አርቁት፤ ካልራቀ በደመቀ ቁጥር ይፈነዳል። ቀረጻውን 24 ቢት አድርጉት፣ ከፍተኛው ጫፍም ከ-12 እስከ -6 ዲሲቤል መካከል ይቁም። ደመቅ አድርጎ መቅዳት የካሴት ዘመን ልማድ ነው፤ በ24 ቢት ዝግ ያለው በኋላ ከፍ ይደረጋል፣ የፈነዳው ግን አይመለስም። ለመጠኑ ያህል፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል፤ የ5 ደቂቃ ዘፈን በ8 ትራክ 345 ሜጋባይት ገደማ ነው። ደጋግሞ መቅዳቱ ሲታከልበት ለአንድ ዘፈን አንድ ጊጋባይት አስቡ።

ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ፣ በተለይ ቢኤም 800 እየተባለ የሚሸጠው፣ በላፕቶፕ ቀዳዳ ሲሰካ ደካማና ሽውታ የበዛበት የሚሆነው ማይኩ ስለተበላሸ አይደለም። ፋንተም የሚባል 48 ቮልት ኃይል ይፈልጋል፤ ላፕቶፑ አይሰጠውም። አንድ ማይክ የሚቀበል ቀላል ሳውንድ ካርድ ከሁለተኛ ማይክም ከማንኛውም ፕለጊንም ይቀድማል።

አሁን የወሎ ሰው ልዩ ችግር ወደሆነው ልምጣ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ አራት በአራት ምት ላይ ናቸው። የኛ ጭፈራ አብዛኛው ስድስት በስምንት ነው፤ ይህን ከላይ በሚታየው ሰሌዳ ቀይሩትና ክሊኩ አንደኛውና አራተኛው ላይ ጠንከር ብሎ እንዲመታ አድርጉት። ካልቀየራችሁት መስመሮቹ ከዘፈኑ ጋር አይገጥሙም፤ ቆርጦ መቀጠልም ፈተና ይሆናል። ዘገምተኛውን ትዝታ ግን ያለ ክሊክ ቅዱት። ዘፋኙ ስንኙ ላይ የሚቆየው እንደ ልቡ ነው፤ ክሊክ ሲገባበት ትዝታው ሰልፍ ይሆናል። ያለ ክሊክ ስትቀዱ በሪፐር አልትና ኢንተር ተጫኑና በፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ ታይም ቤዝ የሚለውን «ታይም» አድርጉት። ይህ ካልሆነ በኋላ የምቱን ፍጥነት ስትነኩ የተቀዳው ሁሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ምን እንደነካው ፈልጎ ማግኘትም ያታክታል።

ቅኝቱ ደግሞ የባሰ ነው። አምባሰልና ባቲ የአገራችንን ስም የተሸከሙ ቅኝቶች ናቸው፤ ድምፅ የሚያስተካክለው ፕለጊን ግን አያውቃቸውም። ሜጀር ወይም ማይነር ብላችሁ ከለቀቃችሁት ዘፋኙ ያላሰበው ኖታ ላይ እየጎተተ ያስቀምጠዋል። በሪፐር የራሱ ድምፅ ማስተካከያ፣ በሪያቱን ላይ ኖታዎቹን አንድ በአንድ መምረጥ ይቻላል። መነሻው ሲ ከሆነ ለአምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ብቻ ይብሩ። ለአንቺ ሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ። ለባቲ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ፤ የባቲ ማይነር ከሆነ ኢም ቢም ፍላት ይሆናሉ። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ማይነሩ ኢ እና ኤን ፍላት ያደርጋል። መነሻው ሌላ ከሆነ ሁሉንም እኩል አንሡት። የማስተካከያውን ፍጥነትም ዝግ አድርጉት፤ ፈጣን ሲሆን የአምባሰል ዘፋኝ ከኖታ ወደ ኖታ የሚንሸራተትበትን ያን ለስላሳ መውረጃ እንደ ደረጃ ይቆራርጠዋል። ማሪቱ ለገሰን እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ፕለጊን መጠቀም ለመረጠ ሰው የኔ ምክር፣ የሳተውን አንድ ቃል ብቻ አስተካክሉ፤ ሁለት ሦስት ቃል ከሳተ እንደገና ይዘፈን።

ኦርጋን ከክራር ጋር የምትቀዱ ከሆነ መጀመሪያ የምትስማሙት መቃኛውን ነው። ክራር በዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል፤ ኦርጋኑ 440 ኸርዝ ላይ ተቸንክሮ ይጠብቃል። ወይ ክራሩን በኦርጋኑ ቃኙ፣ ወይ በኦርጋኑ ማስተር ቱን የሚለውን እያንቀሳቀሳችሁ ወደ ክራሩ አምጡት። ደሴ በክረምት ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፤ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ብትቀዱ ደግሞ ሌላ ነው። ቅዳሜ የተቀዳው ክራር እሑድ ከሚቀዳው ጋር የማይስማማው ከዚህ የተነሣ ነው። በየቀረጻው መካከል መቃኘት ነው መፍትሔው። ትንሽ ልዩነት ብቻ ከሆነ በሪፐር የተቀዳውን ቁራጭ መርጣችሁ ኤፍ2 ስትጫኑ ፒች የሚል ቦታ አለ፤ 0.2 ብትጽፉ የአንድ ሴሚቶን አምስተኛ ያነሣዋል።

ከበሮ የሌለው ከበሮ ካለው ሰው ዘንድ ሄዶ ምቶቹን ብቻ መቅዳት ይችላል። የሰፊውንም የጠባቡንም አፍ፣ እያንዳንዱን ቀስ፣ መካከለኛና ጠንካራ አድርጋችሁ ለየብቻ ያዙ። ስድስቱን ቁራጮች ሪያሳምፕሎማቲክ በሚባለው የሪፐር ፕለጊን ላይ ጫኗቸው፤ ለእያንዳንዱ የሚነሣበትን የአመታት ጥንካሬ ወስኑለት። ከዚያ በኋላ በኦርጋን ቁልፍ የምትመቱት የአገራችሁ ከበሮ ነው። በየዘፈኑ የምንሰማው ያ አንድ ዓይነት የኦርጋን ከበሮ ሰልችቶኛል፤ ይህን ያህል መልፋቱ አያስቆጭም።

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ አስቡ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ማለት ዴስክቶፕ ማለት ነው። በሪፐር ፕሪፈረንስ ውስጥ ፕሮጀክት በሚለው ክፍል በየ5 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ፣ ስሙም ቀንና ሰዓት እንዲይዝ አድርጉት። አዲስ ዘፈን ስትጀምሩ ገና ምንም ሳትቀዱ ሴቭ አድርጉ፤ በዚያው መስኮት ለፕሮጀክቱ የራሱን ፎልደር እንዲከፍትና ድምፆቹን ሁሉ ወደዚያ እንዲገለብጥ የሚያዝዙ ሁለት ምልክቶች አሉ፣ ሁለቱንም ንኩ። የሪፐር ፕሮጀክት ፋይል ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ድምፁ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ያቺን ትንሽ ፋይል ብቻ ለጓደኛው የሚልክ ሰው ጓደኛው ሲከፍተው ባዶ ሣጥን ያገኛል። የሚላከው ሙሉ ፎልደሩ ነው።

ሚክሲንግን አላስረዝመውም። ድምፅና ማሲንቆ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ቁረጡ፤ የሙቀጫውም ቅሪት፣ የመኪናውም ጉርምርምታ አብዛኛው እዚያ ነው። ከበሮውን አትቁረጡት። ከመብራት መስመር የሚመጣው እምምታ በኛ አገር 50 ኸርዝ ላይ ነው፤ 100 እና 150 ላይም ይደገማል፤ በጠባቡ እነሱን ብቻ ቀንሱ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ስትሠሩ እምምታው ከጠፋ ችግሩ የቻርጀሩ ነው፤ ያኔ ፕለጊን ሳይሆን ነቅሎ መቅዳት ነው። ሚክሱን በሄድፎን ከጨረሳችሁ በኋላ በስልክ ስፒከር ስሙት። የከበሮው ወፍራም ድምፅ እዚያ ይጠፋል፤ ብዙው አድማጭ የሚሰማው ደግሞ በዚያ ነው። ቤዙን ከመጨመር ይልቅ የእጁ ምት የሚሰማበትን ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ትንሽ አንሡ።

ስታወጡት ዩቲዩብ ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ገደማ እንደሚያወርደው እወቁ። ከዚያ በላይ አጩኹታችሁ ብታስገቡ እሱ ይቀንሰዋል፣ የተጨፈለቀው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል። በሪፐር የሬንደር (ዘፈኑን የማውጫ) መስኮት ውስጥ ኖርማላይዝ የሚል አለ፤ -14 አድርጉት፣ ጫፉንም -1 ዲሲቤል ላይ ገድቡት። ሌላ ሰው እንዲሚክስላችሁ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ላለ ጓደኛ የምትልኩ ከሆነ እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ አስነሥታችሁ በ24 ቢት ዋቭ አውጡ፣ ፕለጊኖቹን አጥፉ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ይሁን፤ እስከ 2 ጊጋባይት ይወስዳል፣ ጥራቱንም አይነካም። እንደ ድምፅ መልእክት የተላከ ግን ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ ከዚያ በኋላ የሚክሱ ሰው ምንም ሊያደርግ አይችልም።

60 ቀኑ ሲያልቅ ሪፐር አይዘጋም፤ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ «ግዙኝ» እያለ ያስጠብቃችኋል። በዚህ ተጠቅሞ ሳይከፍሉ መቀጠል ይቻላል፤ የሚቀጥልም አለ። እኔ ክፈሉ ነው የምለው፤ ከወደዳችሁት ማለቴ ነው። ለግል ሥራ፣ ወይም ከሙዚቃ በዓመት ከ20,000 ዶላር በታች ለሚያገኝ ሰው ዋጋው 60 ዶላር ነው። ከኛ ወገን ይህን ጣሪያ የሚነካ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በብር ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ መክፈል ስለሚያስቸግር አብዛኛው ሰው ውጭ ያለ ዘመዱን ያስከፍላል። ዘመድ ሲከፍል ስማችሁንና ኢሜይላችሁን ራሳችሁ ጻፉለት፤ ፈቃዱ በስም ነው የሚወጣው። የሚመጣው ትንሽ የቁልፍ ፋይል ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይገባል፣ በአንድ ጊዜ በአንዱ ብቻ እስከሠራችሁ ድረስ በሁለት ኮምፒውተር ላይም ይጫናል። የ7ኛው ቨርዥን ቁልፍ እስከ 8.99 ድረስ ይሠራል። ፋይሉን በኢሜይላችሁም፣ በቴሌግራም ሴቭድ መሴጅም፣ ቀረጻ በማታስቀምጡበት ሌላ ፍላሽም ላይ አኑሩት፤ ላፕቶፑ ሲቀየር መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።